ከደጃችን እስከ ግሪያስ ሶሮስ

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ይህ ደብተር የልጄ የስትራቲስ ነው። እሱ የጻፈበት አሥራ አንድ ገጽ ብቻ ነው፣ ሌላው ባዶ ነው። ባዶውን ልጻፍበት ብዬ ተቀመጥኩ። ስድስተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ከበዓል ካርድ በቀር ምንም ጽፌ አላውቅም፤ እጄ ይዘገያል። ይዘግይ፣ የምቸኩልበት የለኝም።

እሱ የሚጽፈው አጭር ነበር። የተራራው ስም፣ ከቤት የወጣበት ሰዓት፣ ጫፍ የደረሰበት ሰዓት፣ ቤት የገባበት ሰዓት። ከዚያ አንድ ቃል፤ «ነፋስ»፣ «በረዶ»፣ «አሞራ»። መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ብቻዬን» ይላል። አንድ ጊዜ ለምን ብቻህን ትሄዳለህ ብዬ ብጠይቀው፣ «እማ፣ ሁለት ሰው ሲሄድ አንዱ ያወራል» ብሎ ሳቀብኝ። ሲወጣ መውጫውን ጽፎ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ይተወዋል። ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ የቀረውን ይሞላል። ስለ ጭቃው ስንቴ ጮኼበታለሁ።

የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፤ «ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 24። ግሪያስ ሶሮስ። ከቤት 1፡20።» ከዚያ ወዲያ ነጭ ነው።

ቅዳሜ ማታ ደውሎ፣ «ከአበልጃችን ከቫርዲስ ጎጆ አድራለሁ፣ ነገ እወርዳለሁ» አለኝ። ለባሌ ለማኑሶስ የነገርኩት እንዲህ ነው። እሑድ ረፋድ ላይ ማኑሶስ ሊቀበለው ወጣ። መንገድ ላይ ቫርዲስን አገኘው፤ ልጃችንን በትከሻው ተሸክሞ ሲወርድ። ስልኩ ከድንጋዩ ጋር ተላትሞ ደቅቋል።

ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 5

የማኑሶስ እህት ክሪሳ የምስር ሾርባ ይዛ መጣች። እኛ ቤት እስካሁን ምድጃ አልተለኮሰም።

«ብይ እንጂ አንቺ ሴት። አንቺ ስለጾምሽ እሱ አይነሳ።»

አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ጨው በዝቶበታል።

«ሰምተሻል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ቫርዲስ ጎጆው ላይ ቁልፍ አስገብቷል። በበጋ ነው ያስገባው። ከአያቶቻችን ጀምሮ የተራራ ጎጆ ተቆልፎ ያውቃል? ዳቦና ውሃ ይቀመጣል፣ በሩ ለመንገደኛ ክፍት ይሆናል። ጠላትህም ቢሆን ገብቶ ያድራል!»

«ለአይቡ ብሎ ነው። ሌባ አስቸግሮት ነው።»

«ታዲያ አይቡን ጠብቆ ልጃችንን ገደለልን። ልጁ ደርሶ በሩን ሲያንኳኳ ማን ይክፈትለት? በጨለማ ልውረድ ሲል ገደል ገባ። ቡና ቤት ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ወንድሜ ነዋ። ሌላ ማን ይበል?»

ሾርባውን ሙሉውን በላሁት። እሷ እስክትሄድ ድረስ አፌን እንዲይዝልኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 7

ቫርዲስ መጣ። የስትራቲስ የክርስትና አባት ነው፤ ስሙን ያወጣለት እሱ ነው። ማኑሶስ ግቢ ውስጥ የወይራ መልቀሚያ መረብ ይጠግን ነበር። አልተነሳለትም።

«አበልጅ፣ ሰው የሚያወራውን ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

«ምን ሰማህ?»

«ቁልፍ ማስገባቴ እውነት ነው። አይቤን ሁለቴ ወስደውብኛል። የምቆልፈው ግን ወደ መንደር ስወርድ ነው። ያን ማታ እዚያው ነበርኩ። በሩ ገርበብ ብሎ እሳት ይነድ ነበር። ልጁ አልመጣም።»

«ካንተ ዘንድ እንደሚያድር ደውሎ ለእናቱ ነግሯታል።»

«አልመጣም እልሃለሁ።»

«እንግዲያው ወይ አንተ ቆልፈህ ጠጥተህ ተኝተሃል፣ ወይ ልጄ ዋሽቷል። ልጄን በመቃብሩ ውስጥ ዋሾ ልታደርገው ነው ደጄ ድረስ የመጣኸው?»

ቫርዲስ ወደ እኔ ዞረ። «አርጊሮ፣ እስቲ አንቺ ተናገሪ። ምን ነበር ያለሽ? ቃል በቃል ንገሪን።»

ድስቱ ሊገነፍል ነው ብዬ ወደ ውስጥ ገባሁ። ድስት አልጣድኩም ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 8

ማኑሶስ ወይራው ዘንድ ነው። በሐዘን ቢሆንም ወይራ አይጠብቅም። ብቻዬን ስለሆንኩ ስለ ግጥሙ ልጻፍ።

የዛሬ ሁለት ዓመት በመስከረም ስትራቲስ ወደ ፓኽነስ ተራራ ወጥቶ መሸ። እኔ ጨለማውን እንዳየሁ ሮጬ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ደወልኩ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ሃምሳ ሰው ባትሪና ፋኖስ ይዞ ዳገቱን ተያያዘው። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ልጄ እያፏጨ ሲወርድ አገኙት። ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጨረቃ ስትወጣ ሲያይ ነበር የቆየው።

ሰው ደግሞ ዝም አይልም፣ እኛ አገር በተለይ። በማግስቱ እሑድ ሠርግ ነበር። የቡና ቤቱ ፓንዴሊስ ክራሩን እንደያዘ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦

ሃምሳ ሰው በፋኖስ ተራራ ወጣለት፣
ጡጦውን ረስቶ እናቱ ልካለት።

ድንኳኑ ተናወጠ። ስትራቲስም ሳቀ፣ ፓንዴሊስንም ጋበዘው። ከዚያ በኋላ ግን በሄደበት ሁሉ «ጡጦህን ያዝክ?» ነበር። ወታደር ቤት የነበሩ እኩዮቹ፣ ሴቶቹም ሳይቀሩ። አንዲት ልጅ ይወድ ነበር፣ እሷም ያቺን ግጥም አንጎራጉራበታለች አሉ።

ቤት ገብቶ እጄን ይዞ የእመቤታችን ሥዕል ላይ አስቀመጠው። «እማ፣ ማይልኝ። ሁለተኛ ብዘገይ ሰው እንዳትጠሪብኝ። ብቻዬን የምሄደው ብቻዬን ለመመለስ ነው።»

ማልኩለት።

እንግዲህ ያ የኦክቶበር 24 ቅዳሜ ሲመሽ ማኑሶስ ከወይራው ደክሞ ገባ። እጁን ታጠበ፣ ተቀመጠ። «ልጁስ?» አለኝ። ቢያውቅ ያን ጊዜውኑ ደወሉ ዘንድ እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው አጠገብ ነበር።

ዛሬ ይበቃኛል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 11

ነቢዩ ኤልያስ። ከቤት 2፡10። ጫፍ 3፡35። ቤት 5፡00። ነፋስ። ብቻዬን።

የሱን ጫማ አደረግሁ። በሁለት የሱፍ ካልሲ ልክ ሆነልኝ። ለማኑሶስ የዱር ጎመን ልለቅም ነው አልኩት፤ ስመለስ ሜዳው ላይ ጥቂት ነቅዬ ዘንቢል ውስጥ ጨመርኩ።

ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ጫፉ ላይ ያለችውን የነቢዩን ጸሎት ቤት በር ከፍቼ ሻማ አበራሁና ወዲያው ሰዓቴን አየሁ። ሻማ ያበራ ሰው ሰዓት ያያል?

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14

የቫርዲስን የውሃ ማጠራቀሚያ ሰው በጥይት በስቶታል። ስድስት ቀዳዳ። በጎቹ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ አላገኙም። ማን እንደተኮሰ ማንም አላየም፣ ማንም የማያውቅ የለም።

ቡና ቤት ሲገባ ወንበር የሚያቀርብለት ጠፋ አሉ።

የማኑሶስ ጃኬት ባሩድ ባሩድ ይሸታል። አጥቤ አሰጣሁት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 17

የቫርዲስ ጎጆ። ከቤት 1፡05። ጎጆ 5፡00።

እንዲህ ርቄ ብቻዬን ወጥቼ አላውቅም። ዛፍ ካለቀ በኋላ ድንጋዩ ይጀምራል፣ እንደ ቢላ ነው፣ ጫማ ይበላል። ነፋሱ ጥቁር ሻሼን ሁለት ጊዜ ወሰደብኝ። ቆሜ ወደ ኋላ ሳይ ባሕሩ ከሰማዩ አይለይም። ስትራቲስ «ላይ ስትሆኚ ማንም ምንም አይጠይቅሽም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ይህንን ለምን አብሬው ሄጄ አላየሁም? ጉልበቴን አመመኝ እያልኩ፣ ዳቦ ላይ ነኝ እያልኩ።

ቫርዲስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ወተት ያጣራ ነበር። መጀመሪያ ያየው ፊቴን አይደለም፣ ጫማዬን ነው።

«ማንን አስከትለሽ መጣሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ማኑሶስ ያውቃል?»

«ጎመን እየለቀምኩ ነው።»

«እዚህ ጎመን የለም አርጊሮ። ፍየሎቼም ይህን ያውቃሉ።»

ጎጆው በር የለውም። ማጠፊያው ብቻ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። እንደማየው አይቶ፣ «ነቅዬ አነደድኩት» አለ። «ከእንግዲህ ሌባም ይግባ፣ ነፋስም ይግባ። ትናንት አንዷ ፍየል ገብታ የሳምንት ዳቦዬን ጨርሳልኛለች። ደረቅ ነው ብላ ደግሞ ተነጫነጨችብኝ።»

ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ።

ትኩስ ወተት ቀዳልኝ። እስክጠጣ ጠብቆ እንዲህ አለኝ፦ «ለማኑሶስ ያልነገርኩት አለኝ። ያን ሌሊት ውሾቹ ጮኹ። ፊታቸውን ወደ አሮጊቷ አዙረው።» ግሪያስ ሶሮስን እዚህ ሁሉም አሮጊቷ ይላታል። «የአይብ ሌባ መስሎኝ ወጣሁ። አንዴ ወደ ሰማይ ተኩሼ፣ ተሳድቤ ተመለስኩና ተኛሁ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«እኩለ ሌሊት አልፏል። ለምን?»

«እንዲሁ ነው።»

«አንድ ሰው ‹ልጁ አልገባም› ብሎ ቢልክብኝ ኖሮ ሌባ ነው አልልም ነበር። እሱ እኮ ነው አርጊሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ። ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው። ሃያ!»

ደውሎልኝ እንደሆነ አልጠየቀኝም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

አይደለም። አልነግረውም ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 20

ሐኪሙ ያለውን እስካሁን አልጻፍኩም።

ሆስፒታል የገባሁት እኔ ነኝ። ማኑሶስ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዞ ቀረ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፣ ከስትራቲስ ብዙ አይበልጥም። ጭኑ ተሰብሯል፣ ከወደቀ በኋላ ብዙ ሰዓት ቆይቷል፣ የገደለው ብርዱ ነው አለኝ። መቼ ብዬ ጠየቅሁት። ወደ ንጋት ግድም አለኝ።

ለማኑሶስ፣ «ወዲያው ነው፣ ምንም አልተሰማውም» አልኩት። ይህም ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

ያ ሌሊት በየዓመቱ ለክረምቱ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት ሌሊት ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ዘጠኝ ይባላል፣ ሌሊቱ ይረዝማል። ማኑሶስ እሑድ ጠዋት የግድግዳውን ሰዓት እያስተካከለ፣ «አንድ ሰዓት እንቅልፍ ተመረቀልን» ሲል ሰምቼዋለሁ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 22

አባ ሚካሊስ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ተናገሩ። የስትራቲስ የአርባ ቀን ተስካር የሚመጣው እሑድ ነው።

ከግቢው ስንወጣ ቫርዲስ አጥሩ ሥር ቆሞ ነበር። ማኑሶስ ሳይቆም፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ ሁሉም እየሰማ፣ «እሑድ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ከረገጥክ ወደ ቤትህ በእግርህ አትመለስም» አለው።

«የክርስትና ልጄ ነው።»

«ነበር።»

ክሪሳ ክንዴን ይዛ፣ «ወንድሜ ወንድ ነው» አለችኝ። ሚስቱ መሆኔን የዘነጋች መሰለች። ቤት ስንደርስ ማኑሶስ የአባቱን ጠመንጃ ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደ፣ ዘይት እቀባለሁ ብሎ። ሙሉ ከሰዓት ቀባው። እንዲያ የሚቀባ ጠመንጃ የለም።

ቫርዲስ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ይመጣል፣ አውቀዋለሁ። በግ ገደል ቢገባ እንኳ ሳያወጣ የማይወርድ ሰው ነው።

እኔ አንድ ቃል ብናገር ያልቃል። አንድ ቃል። ከዚያ ግን ማኑሶስ ማን ይቀረዋል?

ማን ይቀረኛል ነው መጻፍ ያለብኝ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 25

ግሪያስ ሶሮስ። ከቤት 1፡00።

ከደጃችን ጀምሬ ለካሁ። ከደወሉ ሥር ሳልፍ ሰዓቴን አየሁ፣ መንገዱ ከሚያልቅበት አየሁ፣ ከጎጆው አየሁ። ቫርዲስ አልነበረም፤ ውሾቹ አሽትተው ለቀቁኝ። ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም። ሰው የከመራቸው ትንንሽ የድንጋይ ምልክቶች ብቻ ናቸው፣ ከአንዱ ቆመው ሌላውን ይፈልጉታል። ጉም ከወረደ አይታዩም።

የወደቀበትን ቦታ አወቅሁት። ከጫፏ በታች መሬቱ ክብ ሆኖ ይሰረጉዳል፣ እንደ ትልቅ ድስት። ቫርዲስ ከዳሩ ላይ ድንጋይ ከምሮበታል። 5፡40 ነበር።

አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጫማዬም የራሴ አይደለም። ወንዶቹ ይፈጥናሉ። በመኪና እስከ መንገዱ ማለቂያ ቢመጡ ሁለት ሰዓት ይቀነስላቸዋል። ለመሰባሰብ ግማሽ ሰዓት። ለመፈለግ፣ በጨለማ ስለሆነ፣ ሁለት ሰዓት። ሦስትም ይሁን። ያን ማታ የጨለመው አንድ ሰዓት ላይ ነው።

መደመርና መቀነስ ትምህርት ቤት ተምሬአለሁ። እዚያው ተቀምጬ በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

ድምፄን አውጥቼ ጠራሁት። እንደ ልጅነቱ፣ ለእራት እንደምጠራው።

ከዚያ ወደ ጫፍ ወጣሁ፣ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። የመጨረሻውን በእጄም ጭምር ነው የወጣሁት። ጫፏ ላይ የብረት ሣጥን አለ፣ ውስጡ የወጣ ሰው ስሙን የሚጽፍበት ደብተር። ከፈትኩት። ጀርመኖች፣ ፈረንሳዮች፣ ከአቴንስ የመጡ ባልና ሚስት። ከዚያ የልጄ ጽሕፈት፤ «24/10፣ 5፡05፣ ጉም እየመጣ ነው፣ ስትራቲስ፣ ብቻዬን»።

ደርሷል። እኔ ሳይደርስ የቀረ መስሎኝ ነበር።

ቤት ስገባ እዚህ ደብተር ላይ፣ በሱ ገጽ፣ «ጫፍ 5፡05» ብዬ ሞላሁለት። ጽሕፈቴ ከሱ ጽሕፈት አጠገብ ያስጠላል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 27

አባ ሚካሊስ ዘንድ ሄድኩ። አትክልት እየቆፈሩ ነበር። ቆመው ሰሙኝ፣ መኮትኮቻውን እንደያዙ። ስጨርስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

«ለእኔ ነገርሽኝ። እግዚአብሔርም ሰማ» አሉ። «ሁለታችንም ግን ጠመንጃ የለንም፣ ልጄ። ጠመንጃ ላለው ንገሪው።»

«መሐላውስ አባ? ሥዕሏ ላይ ነው የማልኩት።»

«መሐላሽ ሰው እንዳትጠሪ ነው። ውሸቱን ማን አስማለሽ?»

አንድ ጎመን ነቅለው ሰጡኝ፣ ባዶ እጄን እንዳልሄድ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 28

የተስካሩን ንፍሮ ቀቅዬ ነጭ አንሶላ ላይ አሰጣሁት። ሮማኑን ፈለፈልኩ። ማኑሶስ ለውዝ ይልጥ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ እጁ ከእኔ ይሻላል። ጠመንጃው በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ማኑሶስ።»

«እ።»

«ስትራቲስ ቅዳሜ ማታ አልደወለልኝም።»

እጁ አላቆመም። «እና መቼ ደወለ?»

«አልደወለም። ‹ልጁስ?› ስትለኝ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንዳትወጣ ብዬ። ደወሉን እንዳትደውል ብዬ። እንደገና እንዳይስቁበት።»

አላየኝም። እኔም ቀጠልኩ፣ ካቆምኩ እንደማልጨርሰው አውቄዋለሁ። ስለ መሐላው ነገርኩት። ቫርዲስ እውነቱን እንደሆነ ነገርኩት። ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። «ወዲያው አልሞተም ማኑሶስ። እስከ ንጋት ቆይቷል።»

የቀረውን ለውዝ ላጠ። ሳህኑ እስኪሞላ ድረስ አንዲትም አልዘለለም። ከዚያ ተነሥቶ ጠመንጃውን አነሣ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥቶ ከለውዙ አጠገብ ደረደራቸው፣ ጠመንጃውን ቁም ሣጥኑ ላይ መለሰው። ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ክሪሳ ቤት አደረ።

እንዲመታኝ ፈልጌ ነበር። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እጁን አንሥቶብኝ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ፈልጌ ነበር።

እሑድ፣ ኖቬምበር 29

ንፍሮውን ብቻዬን ተሸክሜ ሄድኩ። ከላዩ ስኳር ነስንሼ ስሙን በለውዝ ጽፌበታለሁ። ማኑሶስ ወንዶቹ ዘንድ ቆሟል። ቫርዲስ መጣ፣ ከነልጆቹ። ደጃፉ ላይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፣ አልገባም፣ አልተመለሰምም። ሰው ሁሉ ማኑሶስን ያያል። ማኑሶስ መሬት ያያል።

ጸሎቱ ሲያልቅ ሴቶቹ ንፍሮውን ማደል ጀመሩ። የመጀመሪያውን ከእጃቸው ወስጄ ደጃፉ ድረስ ሄጄ ለቫርዲስ ሰጠሁት። ድምፄ እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩ። ሰው ፊት ተናግሬ ስለማላውቅ ጮክ ያልኩ ይመስለኛል።

«ልጄ አልደወለልኝም። ከዚህ ሰው ጎጆ እንደሚያድር አልነገረኝም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ማታ አልገባም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።»

ክሪሳ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ተዉአት፣ ሐዘን ነው የሚያናግራት።»

«ሐዘን አይደለም ክሪሳ። እጅሽን አንሺልኝ።»

ፓንዴሊስ ንፍሮውን እፍኙ ውስጥ እንደያዘ ቀረ፣ አላፈሰሰውም፣ አልበላውም። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከሰማሁት ግጥም ሁሉ የከፋ ነበር።

ከዚያ ማኑሶስ ሰዎቹን አልፎ መጣ። በእኔ አጠገብ አለፈ፣ ቫርዲስ ፊት ቆመ።

«ማጠራቀሚያው ላይ የተኮስኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ነገ አዲስ አመጣልሃለሁ።»

ቫርዲስ ዓይኑ ሞልቶ፣ «ነጩን አምጣ» አለው። «ጥቁሩ በበጋ ውሃውን ያፈላዋል፣ በጎቹ ሾርባ ነው የሚጠጡት።»

ማኑሶስ ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው። እኔ ደጅ ቀረሁ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ማኑሶስ ቤት ገብቷል። ይበላል፣ ይተኛል። «ጨው»፣ «መብራቱን»፣ «በሩን» ይለኛል። ከዚህ ሌላ የለም።

ስለ እኔ የወጣ ግጥም እስካሁን አልሰማሁም።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 3

ዛሬ እውነተኛው አርባኛው ቀን ነው።

ጠዋት ጫማውን ሳስር ማኑሶስ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ። «ጎመን ነው?» አለ።

«አይደለም።»

ጃኬቱን ደረበ። ወጣን። እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። እስከ ጎጆው እንዲሁ ወጣን። ቫርዲስ አዲሱ ነጭ ማጠራቀሚያ አጠገብ ቆሞ እጁን አነሣልን፣ ግን አልቀረበም። ዳሩ ላይ፣ ድንጋዩ የተከመረበት ስንደርስ ማኑሶስ ወደ ታች ብዙ አየ። ተቀመጠ። እኔም ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ስትወጪ የነበረው እዚህ ነው?»

«እዚህ ነው።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልለካ።»

ነፋሱ እስኪያልፍ ጠበቀ። ከዚያ ስጠብቀው የኖርኩትን ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ፊቱን ሳያዞር።

«ብንወጣ ኖሮ እንደርስ ነበር?»

አንደርስም ማለት እችል ነበር። ሌሊት ነው፣ ጉም ነው፣ ማን ያገኘዋል ማለት እችል ነበር። ለሱም ይቀለው ነበር። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ሦስተኛው ይሆን ነበር።

«አዎ» አልኩት። «ከእኩለ ሌሊት ትንሽ አልፎ እንደርስ ነበር። በሕይወት ነበር።»

አለቀሰ። በቀብሩም እንዲህ ሲያለቅስ አላየሁትም። ልሄድለት ተነሣሁና እጁን ዘረጋ፤ ነይ አይደለም፣ እዚያው ሁኚ ነው። እዚያው ሆንኩ። ፀሐይዋ ከጫፏ ስትዞር ተነሥቶ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ መውረድ ጀመረ።

ሲወርድ ከእኔ ይፈጥናል። ከጎጆው በታች መንገዱ ይጠማዘዛል፤ አንዱን ሲዞር ጠፋኝ። ጥሎኝ ሄደ ብዬ ነበር። ስደርስ ግን ከመታጠፊያው ላይ ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቶ። እንዳየኝ፣ ወይም የጫማዬን ድምፅ እንደሰማ፣ ሳይጠብቀኝ ተነሥቶ ሄደ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ከዚያ በሚቀጥለውም። እስክታይ ይቆማል፣ ሳልደርስበት ይነሣል።

እስከ ደጃችን ድረስ እንዲሁ ወረድን።